ስድስት ሰዓት ሲባል የማን ስድስት ነው?

ውሻ አሳድጋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አዲስ አበባ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ውሻ ነበረን። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ትርፍራፊ ይበላል፣ አለቀ። ሳሎን እግሩን ካስገባ መጥረጊያ ይወረወርበታል። ለንደን ከመጣሁ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አዛውንት እንግሊዛዊት ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሲገቡ ውሻቸው ሜዳ ላይ ቀረ። ስፓኒየል ነው፤ ቡናማና ነጭ፣ ጆሮው እንደ ነጠላ ጫፍ የተንጠለጠለ። “ለሁለት ሳምንት ብቻ” ብዬ ወሰድኩት። ይኸው አራተኛ ዓመቱን ያዘ። ስሙ ቶቢ ነው። እናቴ ግን ስልክ ላይ “ቦቢ ደህና ነው?” ነው የምትለው። ለእሷ ውሻ ሁሉ ቦቢ ነው።

ከእኔ በኋላ ውሻ ያስገቡ አምስት ስድስት ሐበሾች አውቃለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ሁሉም “የት ልውሰደው?” ይሉኛል። ቦታ ሞልቷል። ከቦታው በፊት ግን እኔ የሠራሁትን ስህተት ስሙ። ሁለቱ ስህተቶቼ ውሻዬን ሊያሳጡኝ ነበር፤ አንደኛው እኔንም ጭምር።

የመጀመሪያው ኤፕሪል ላይ ነው። ቶቢ ከመጣ ሁለት ወሩ። ሰፈር ፓርክ ውስጥ ስጠራው ይመጣል፣ ብስኩቱን ይቀበላል፣ ይሄዳል። እኔም “ይሄ ልጅ ሠልጥኗል” ብዬ ኮራሁ። በባቡር ወደ ሳውዝ ዳውንስ ወሰድኩት። ከለንደን በስተደቡብ ያለ ኮረብታማ አገር ነው፤ ሣሩ አጭር፣ አፈሩ ሥር ጠመኔ፣ ሰማዩ ሰፊ። ባቡር ላይ ውሻ አይከፍልም፤ አንድ ሰው እስከ ሁለት ውሻ በነጻ ይዞ መግባት ይችላል። ሲያዩት ገነት ነው። መስኩ ባዶ መሰለኝና ማሰሪያውን ፈታሁለት።

ባዶ አልነበረም። በጎቹ ከጉብታው ማዶ ነበሩ። ቶቢ ሽታቸው ደረሰውና ጆሮውን አንድ ጊዜ አነሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ስጠራው አልሰማም። ፓርክ ውስጥ ብስኩት ከሣር ይበልጣል፤ እዚህ ግን ብስኩት ከበግ ጋር አይወዳደርም። ጉብታው ላይ ስደርስ ወደ አርባ የሚሆኑ በጎች አጥር ጥግ ተጣበው ቶቢ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። አልነከሰም። ለእሱ ጨዋታ ነበር።

ገበሬው በባለ አራት ጎማ ሞተር መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ እሱ ነው የባሰ ያሳፈረኝ። “እነዚህ ያረገዙ ናቸው። ውሻሽ ባይነክስም፣ ድንጋጤው ብቻ ያስጨነግፋቸዋል” አለኝ። ከዚያ በጎቹን አንድ በአንድ እያየ ሄደ። እኔ አያቴ መንዝ ውስጥ በግ አርቢ ነበሩ! በልጅነቴ ክረምት ስሄድ ባዕድ ውሻ ወደ መንጋው ሲጠጋ በድንጋይ ሲያባርሩ አይቻለሁ። እንግሊዝ አገር ስመጣ ግን በግ የሥዕል ጌጥ መስሎኝ ነበር መሰለኝ።

ቤት ስገባ ሕጉን አነበብኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። ውሻው በግ ማሳደዱ ብቻ ሳይሆን፣ በግ ባለበት መስክ ውስጥ ያለ ማሰሪያና ያለ ቅርብ ቁጥጥር መለቀቁ ራሱ ጥፋት ነው። ገበሬው ሌላ ማስቆሚያ ካጣ ተኩሶ ቢገድለው እንኳ ሕግ የሚከላከልለት ሁኔታ አለ። ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የገጠር መሬቶች ላይ ደግሞ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ማሰሪያው ከ2 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች የሚፈለፍሉበት ጊዜ ስለሆነ። ከብት አጠገብ ከሆነ ወሩ ምንም ይሁን ምን ያው ነው።

ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምከተለው ይሄ ነው፦ መስኩ ባዶ ቢመስልም ከአጥሩ ማዶ ያለውን እስካላየሁ ድረስ አልፈታውም። የበግ ኩስ ካየሁ፣ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ አልፈታውም። ላሞች ካሉ በሰፊው እዞራለሁ፤ ጥጃ ካላቸው ደግሞ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። ላም የምትጠላው ውሻውን ነው እንጂ እናንተን አይደለም። እየሮጠች ከመጣች ማሰሪያውን ልቀቁት። ማመን ይከብዳል፤ ግን ውሻው ከላም ይፈጥናል፣ እናንተ አትፈጥኑም። ማሰሪያ ሳይለቁ ቀርተው የተረገጡ ሰዎች አሉ።

እሺ፣ አሁን ወደ ባሕሩ።

ለእናቴ ደውዬ “እማ፣ ነገ ባሕር ዳር እሄዳለሁ” ስላት፣ “ውይ! መቼ መጣሽ? ሳትነግሪኝ!” አለች። ጣናን ነው ያሰበችው። ለጓደኛዬ ደግሞ “ሰቨን ሲስተርስ እሄዳለሁ” ስላት ቶተንሃም ያለው ባቡር ጣቢያ መሰላት። የእኔ ሰባቱ እህትማማቾች ግን በደቡብ ጠረፍ ሲፎርድና ኢስትቦርን መካከል ያሉ ነጭ የጠመኔ ገደሎች ናቸው። ከላይ ሲታዩ መስኩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ድንገት በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ከብራይተን የሚነሳው 12 ቁጥር አውቶቡስ በር ላይ ያወርዳል። ከአውቶቡሱ ወርዳችሁ የከክሚር ወንዝን ይዛችሁ ስትሄዱ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ላይ ትደርሳላችሁ።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከላይ፣ በገደሉ አናት። ሌላው ከታች፣ በጠጠሩ ላይ፣ ከገደሉ ሥር በርሊንግ ጋፕ እስከሚባለው ቦታ። የታችኛው ሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ግን አንዴ ከገባችሁ መውጫ የለውም። በመካከል ደረጃ የለም፣ መሰላል የለም። በግራችሁ ሽቅብ የቆመ ገደል፣ በቀኛችሁ ባሕር።

እዚያ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ወደ 6 ሜትር ይደርሳል። የሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው። ጠዋት የተራመዳችሁበት ጠጠር እኩለ ቀን ላይ የዓሣ መዋኛ ይሆናል። ይህን በደንብ አውቅ ነበር። ስለዚህ ሰዓቱን አስጠየቅኩ።

ያስጠየቅኩት ጓደኛዬን ነው። እሷ ጠረፍ ከተማ ትሠራለች፣ ሰሌዳውን ታውቃለች። ማታ ጻፈችልኝ፦ “ባሕሩ ዝቅ የሚለው 6 ሰዓት ላይ ነው።” እኔም “ግሩም!” አልኩ። ስድስት ሰዓት፣ እኩለ ቀን። ሦስት ተኩል ላይ ብጀምር ባሕሩ እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ እኔ ዘና ብዬ ደርሼ እመለሳለሁ።

እሷ የጻፈችው የፈረንጅ ስድስት ነበር። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት። በእኔ ስድስት ሰዓት ባሕሩ የሚደርቅበት ሳይሆን ጢም ብሎ የሚሞላበት ሰዓት ነበር።

ሲጀመር ምንም አያስታውቅም። ጠጠሩ ሰፊ ነው። ጠመኔው ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጭበረብራል። በገደሉ ላይ ጥቁር የባልጩት ድርድር በመስመር በመስመር ይታያል፤ እሱ እየወደቀ ነው ዳርቻውን ያለበሰው። ቶቢ እርጥብ ጠመኔ ረግጦ አራቱም እግሩ ነጭ ካልሲ ያደረገ መስሏል። ትምህርት ቤት ሰሌዳ አጥፍቼ እጄ የሚሆነውን አስታወሰኝ። ኳስ እወረውራለሁ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያመጣል። ሲያመጣ ውኃ ይጠጣል። አልከለከልኩትም። እሱም አንድ ስህተት ነው፤ እመለስበታለሁ።

አርባ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ፎቶ ላነሳ ቦርሳዬን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ሦስት አራት ፎቶ። ዞር ስል የቦርሳው ሥር ርሷል። ድንጋዩን ትንሽ ቆሜ አየሁት። የሚሸሽ ባሕር ደረቅ ድንጋይ አያረጥብም። ቀና ብዬ ገደሉን አየሁ፤ ከራሴ በላይ፣ እጄን ብዘረጋ ከማልደርስበት ከፍታ ላይ፣ አረንጓዴ የባሕር ሣር ተለጥፏል። ውኃው እዚያ ድረስ ይመጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሒሳቡን ነገር ልንገራችሁ፣ ያኔ አላውቀውም ነበር። ባሕር የሚሞላው እኩል በእኩል አይደለም። ለመሙላት ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በመጀመሪያው ሰዓት ከአሥራ ሁለት እጅ አንዱን ይሞላል፣ በሁለተኛው ሁለቱን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስቱን፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። መሀል ላይ ይጋልባል። እኔ የገባሁት ልክ በሚጋልብበት ሰዓት ነው።

ያኔ ሰው ወደፊት መሮጥ ያምረዋል። “ግማሹን ሄጃለሁ፣ ልጨርሰው” ይላል። እኔም ለአንድ ደቂቃ አምሮኛል። ያዳነኝ ቀላል ነገር ነው፦ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ፣ ከፊቴ ያለውን አላውቀውም። ተመለስኩ። እናንተም ብትጠራጠሩ ወዲያው ተመለሱ። በርቀት የተጠራጠራችሁት ነገር ሲቀርብ አይሻሻልም።

ስልኬን አወጣሁ። ገደል ሥር ኔትወርክ የለም። አሥር እርምጃ ሄጄ አያለሁ፣ የለም። ከዚያ አንዲት መስመር መጣች። 999 ደወልኩ። አፌ ላይ የመጣው “ፖሊስ” ነበር። ኦፕሬተሯ ሁኔታዬን ስትሰማ ራሷ ወደ ኮስትጋርድ፣ ወደ ባሕር ጠረፍ ነፍስ አድኖቹ፣ አገናኘችኝ። እናንተ ባሕር ዳርቻ ላይ ችግር ከገጠማችሁ በቀጥታ “ኮስትጋርድ” በሉ። ቋንቋ ቢያስቸግራችሁ እንኳ ይህን አንድ ቃል ያዙ። ሰውዬው ረጋ ብሎ የት እንዳለሁ፣ በየት እንደመጣሁ፣ ስንት እንደሆንን ጠየቀኝ። “እኔና ውሻዬ” አልኩት። “ውሻው ታስሯል?” አለኝ። አልታሰረም። “እሰሪው። ውኃ ውስጥ ቢገባ እንዳትከተይው” አለኝ።

ይህን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም። እዚህ አገር ጠረፍ ላይ ከሚሰጥሙት ሰዎች መካከል ውሻቸውን ሊያወጡ ገብተው የቀሩ አሉ። ብዙ ጊዜ ውሻው ራሱ ዋኝቶ ይወጣል። ገደል ቢወድቅም ያው ነው፤ ጫፍ ሄዳችሁ እንዳትመለከቱ። ደውሉ። ለውሻም ይመጣሉ፣ ገንዘብም አይጠይቁም። የሚመጡት ባይመጡ እናንተ እንደምትገቡ ስለሚያውቁ ነው።

አንድ ማዕዘን ላይ ውኃው ጉልበቴ ደረሰ። በሚቀጥለው ወገቤ። ቶቢ መሀል ላይ ማንከስ ጀመረ። ባልጩት የፊት እግሩን መዳፍ ተርትሮታል። አሥራ አራት ኪሎ ነው። እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ማዕበሉ ሲመለስ እየሄድኩ፣ ሲመጣ ጀርባዬን ሰጥቼ እየቆምኩ ተራመድኩ። ገደሉን ተጠግቶ መሄድም አደጋ ነው፤ ጠመኔው በየጊዜው ይናዳል፣ ከላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። ግን ያን ቀን ምርጫ አልነበረኝም። “እመቤቴ” እያልኩ ነበር፣ በስንተኛው እንደደረስኩ አላውቅም።

ወንዙ አፍ ላይ ስንደርስ ሰማያዊ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ይጠብቁናል። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አንደኛዋ ከሥራ ተጠርታ ነው የመጣችው። አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጡኝም። ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። ሴትዮዋ የቶቢን እግር በጨርቅ እያሰረች “ሰዓቱን አይተሽ ነበር?” አለችኝ። የሐበሻን ሰዓት ለማስረዳት ሞከርኩ። ቀናችን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፣ ስለዚህ የእናንተ አሥራ ሁለት የእኛ ስድስት ነው፣ እያልኩ። ከንፈሬ በብርድ ይንቀጠቀጣል። በትሕትና ራሷን ነቀነቀች። የገባት አልመሰለኝም።

ማታ ቶቢ ያስመልሰውና ያስቀምጠው ጀመር። የባሕር ውኃ ነው። ብዙ ጨው የጠጣ ውሻ ሊሞት ሁሉ ይችላል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ስትሄዱ የሚታጠፍ ሳህንና ሁለት ሊትር ንጹሕ ውኃ ያዙ፣ በየሃያ ደቂቃው አጠጡት፣ የኳሱንም ነገር አታብዙት። ሌሊቱን ወደ እንስሳት ሐኪም በረርኩ። መዳፉ ተሰፋ፣ ግሉኮስ ተሰጠው፣ ሂሳቡ 380 ፓውንድ መጣ። ኢንሹራንስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

እዚያው ሌላ ጉድ ወጣ። ሐኪሙ አንገቱ ሥር ቆዳው ውስጥ የተቀበረውን የመለያ ቺፕ በማሽን ሲያነበው የወጣው ስልክ የጎረቤቴ የድሮ ቤት ስልክ ነው። ከተቋረጠ ዓመት አልፎታል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቺፕ ግዴታ ነው፤ ስሙንና ስልኩን ማሳደስ ደግሞ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ከሰው የተቀበላችሁት ውሻ ከሆነ ዛሬውኑ አሳድሱ። ያን ቀን ጠፍቶብኝ ቢሆን የሚያገኘው ሰው በሌለ ስልክ ሲደውል ይኖር ነበር።

ለሦስት ወር ባሕር አላየሁም። ስመለስ በላይኛው መንገድ ነው የተመለስኩት። የላይኛውም የራሱ ጣጣ አለው። ሣሩ እስከ ጫፉ ድረስ ይሄዳል፣ አጥር የለም፣ ከሥሩ ተቦርቡሮ ባዶ ሊሆን ይችላል። በርሊንግ ጋፕ ላይ ገደሉ እየተናደ ሲመጣ ከተርታ ቤቶቹ የተወሰኑት ፈርሰዋል። ጥንቸል ወይም የባሕር ወፍ ያየ ስፓኒየል ጫፍ አያውቅም። እዚያ ላይ ቶቢ ሁልጊዜ ታስሮ ነው የሚሄደው። የሚፈታው ቢፈልግ እንኳ ከማይወድቅበት ቦታ፣ ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ላይ፣ በጎቹ ከሌሉ፣ በአሥር ሜትር ገመድ ነው። ረጅሙን ገመድ ከአንገቱ ማሰሪያ ጋር አታያይዙት፤ ሮጦ ገመዱ ሲያልቅ አንገቱን ይቀነጥሰዋል። ደረቱን በሚይዘው ቀበቶ ላይ አድርጉት። ጀርባው ላይ እጀታ ያለውን ብትገዙ ደግሞ አንድ ቀን ታመሰግኑኛላችሁ።

መጥራትም ከዜሮ ነው የጀመርነው፣ በፊሽካ። ድምፄ ሲደነግጥ ይለወጣል፣ ፊሽካ አይለወጥም። ሽልማቱም ብስኩት መሆኑ ቀረ። የተቀቀለ የዶሮ ጉበት ነው፣ ጨው የሌለው። ቤቴ ሁልጊዜ ይሸታል።

ሌላው ሌላው የሚለመድ ነው። ቢጫ ቀስት ያለበት መንገድ ለእግረኛ ነው፣ ሰማያዊው ፈረስና ብስክሌትም ያልፍበታል። የመዋኛ ዳርቻዎች ብዙዎቹ ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ውሻ አያስገቡም፤ ሰሌዳው መግቢያው ላይ አለ፣ አንብቡት። ከረጅም ሣር ከወጣችሁ በኋላ መዥገር ፈልጉ፤ ጆሮ ሥር፣ ብብት፣ በጣቶቹ መካከል። በጣት አትጨምቁት፣ ሦስት ፓውንድ የማይሞላ መንቀያ አለ፣ አዙሮ ያወጣዋል። ኩሱን በላስቲክ አንስታችሁ ዛፍ ላይ የምትሰቅሉ ሰዎች ግን ምን እንደምታስቡ አላውቅም። እዚያ ማን እንዲወስደው ነው?

ደግሞ ወገኖቻችንን እዩልኝ። ብዙዎቻችን ያደግነው የእብድ ውሻ ሲባል እየሸሸን ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ሐበሻ እናት ከፊት ስትመጣ ካየሁ ማሰሪያውን አሳጥሬ ወደ ጎን እወጣለሁ። “አይነካም” ማለት አይጠቅምም፤ እሷ ከመቶ ሰው ሰምታዋለች።

የባሕሩን ሰዓት አሁን ራሴ ነው የማየው፣ በሁለት ቦታ። ወረቀት ላይ በሃያ አራት ሰዓት እጽፈዋለሁ፤ 06:00 ከተባለ ሌላ ትርጉም የለውም። የታችኛውን መንገድ የምሄደው ባሕሩ ሸሽቶ ሊጨርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ገብቼ፣ ዝቅ ባለበት ሰዓት ለመውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ከሆነ አይሆንም፣ ሻይ ጠጥቼ በላይ እሄዳለሁ።

ጓደኛዬ ያን ነገር ስነግራት አለቀሰች። አንቺ ምን አጠፋሽ ብላት አልሰማ አለች። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በጻፈች ቁጥር ከጎኑ ትጨምርበታለች። ባለፈው እሑድ የላከችልኝ እንዲህ ይላል፦ “ቡና እኔ ጋ፣ 10 ሰዓት፣ የሐበሻ። ቦቢንም ይዘሽ ነይ።”